ሳይጨመር ሳይቀነስ

ልጄ ሲምረት የላከችልኝን ጽሑፍ ያነበብኩት ዐረብ አገር፣ ሳልዋ በሚባል ሰፈር፣ በምሠራበት በማዳም ቤት፣ ልብስ መተኮሻው ክፍል ውስጥ ቆሜ ነው። ሐሙስ ጠዋት ነበር። ማዳም ልጆቹን ትምህርት ቤት ልታደርስ ወጥታለች። ካውያውን ነቀልኩና ስልኩን በታጠፉት ዲሽዳሻዎች፣ በወንዶቹ ረጃጅም ቀሚሶች ላይ አስደግፌ፣ እንደ ልማዴ በጣቴ ከሥር ከሥሩ እየተከተልኩ ጀመርኩ።

ማንበብ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ከተማ ባለው የጸሎት ኅብረታችን ዐርብ ዐርብ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ እህት ጽጌረዳ ታስተምረናለች። ሲምረትን ለአያቷ ትቼ ስመጣ ስምንት ዓመቷ ነበር። አሁን ሃያ አምስት ሞልቷት በሕዝብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትይዝ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏ የሚያጠናው እኛን ነው፤ በረኪናና የወለል ማጽጃ የቤት ሠራተኞችን እጅ ምን እንደሚያደርግ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ አንዱን ክፍል ግን በአማርኛ ጽፋ ላከችልኝ።

«እማዬ፣ ይሄ የአጠናን ዘዴ ይባላል» ብላኛለች በድምፅ መልእክት። «ሥራው እንዴት እንደተሠራ የሚነገርበት ነው። አንቺም አለሽበት።»

ነበርኩበት። «መረጃውን የሰበሰበችው ሥልጠና የወሰደች የአካባቢው ነዋሪ ናት» ይላል። ሥልጠናውን ራሷ ሲምረት ነች የሰጠችኝ፣ ሁለት ሰዓት በስልክ። ያን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ቀጠልኩ። «አርባ ሴቶች ለየብቻቸው ተጠይቀዋል።» እውነት ነው። አንዷን ከኅብረታችን ደረጃ ሥር፣ አንዷን አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ እየለየሁ ነው የጠየቅኋቸው። «ስማቸው አልተጻፈም፤ የተለዩት በቁጥር ነው።» ይሄም እውነት ነው። «ተጠያቂዎቹ የሰጡት መልስ ሳይጨመር ሳይቀነስ ተመዝግቧል።»

እዚህ ላይ ጣቴ ቆመ።

በእኛ ኅብረት የታመመ ሰው ከተጸለየለት በኋላ «አመመኝ» አይልም። «በእምነት ተፈውሻለሁ» ይላል። «አሁንም ያመኛል» ማለት ጸሎቱን እንደ መካድ ነው። ሂሩት አርዲያ በሚባል ሌላ ሰፈር የምትሠራ የኅብረት ጓደኛዬ ናት። በመጠይቁ ላይ ቁጥር አሥራ ሰባት ነበረች። «ባለፈው ወር እጅሽ ላይ መቁሰል፣ መላጥ ወይም ማሳከክ ነበረብሽ?» ብዬ ሳነብላት፣ «የለብኝም፣ ተፈውሻለሁ፣ ክብር ለጌታ» አለችኝ። ይህን ስትል በጣቶቿ መካከል ቆዳው ተሰንጥቆ ቀይ ሥጋው ይታያል። የውኃ ጠርሙስ መክፈት አቅቷት የከፈትኩላት እኔ ነበርኩ።

«የለም» የሚለው ላይ ራይት አደረግሁ። ቤት ስገባ ግን እጇ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ልጄ የምታጠናው እጅ ነው፤ ያ እጅ ደግሞ ቆስሏል። የምጽፈው እንደ ጀማሪ ተማሪ በእርሳስ ስለነበር በላጲስ አጠፋሁና ራይቱን «አዎ» ላይ አዛወርኩት። በዚያው የሌሎቹንም እጅ እያስታወስኩ፣ ከእሷ ጋር አሥራ አንድ ወረቀት አስተካከልኩ። የዋሸሁ አልመሰለኝም። ለእውነት ያገዝኩ ነበር የመሰለኝ። ከዚያ አንድ በአንድ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት።

አሁን ልጄ ያላደረግሁትን አደረገች ብላ ጽፋልኛለች። ጽሑፉን የምታስገባው ሰኞ ነው። ካስገባች ሐምሌ ላይ ትመረቃለች። ማዳም በሦስት ዓመት አንዴ የምትሰጠኝን ኢጃዛ፣ የአገር ቤት ፈቃዴን፣ ለዚያ ብዬ ሐምሌ ላይ አስደርጌዋለሁ። በመጀመሪያው ምርቃቷ አልነበርኩም፤ ጋውን ለብሳ ከጎረቤት ጋር የተነሣችውን ፎቶ ነው ያየሁት። ለዚህኛው ቀሚስ ገዝቼ ሻንጣዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። ይህን አላሰብኩም አልልም። ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ።

ዐርብ ኅብረት ስደርስ መጀመሪያ የፈለግሁት ሂሩትን ነው። ቃሏን የነጠቅኋት እሷን ስለሆነ ከልጄ በፊት ለእሷ መናገር አለብኝ ብዬ ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ወረቀትሽ ላይ አዎ ብዬ ጽፌብሻለሁ» አልኳት።

«አዎ ብለሽ ምን?»

«እጅሽ ቆስሏል ብዬ።»

ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ቆመ። «እኔ እንደዚያ አልኩሽ?»

«አላልሽም።»

«ታዲያ ማን ነገረሽ? እጄ ራሱ አፍ አወጣ?»

«አየሁት፣ ሂሩትዬ።»

«እሰይ፣ ዶክተር ለምለም! ገና ፊደል ከመቁጠርሽ ለሰው መልስ መስጠት ጀመርሽ!» ተነሣች። «ማዳሜ ሐኪም ቤት ስትወስደኝ የት እንደሚያመኝ የምትናገረው እሷ ናት። እኔ አጠገቧ እንደ ዕቃ እቆማለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ እንደዚህ። አንዴ አንድ ሰው ምን ትያለሽ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ እሱንም አንቺ አጠፋሽው?»

እህት ጽጌረዳ ድምፅ ሰምታ ከበሩ ብቅ አለች። ሁለታችንንም አየችን። የሆነውን ስነግራት፣ «ለልጅሽ ዛሬውኑ ደውዪ፤ ሰኞ ካለፈ በኋላ ሌላ ነገር ነው የሚሆነው» ብቻ አለችኝ።

ከደረጃው ሥር ቆሜ ደወልኩ።

«እማዬ? በሰላም ነው?»

ነገርኳት። እየተንተባተብኩ፣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው።

«ስንት ናቸው?» አለች።

«አሥራ አንድ።»

«ከአርባው?»

«ከአርባው።»

«የትኞቹ እንደሆኑ ታውቂያለሽ?»

«ወረቀቶቹ ፍራሼ ሥር አሉ። ላጲስ የነካው ይታያል።»

«ለምን ዛሬ ነገርሽኝ?»

«ትናንት ነው ያነበብኩት። ሳይጨመር ሳይቀነስ ይላል፣ ሲምዬ።»

«ደስ እንዲልሽ ብዬ ነበር እኮ የላክሁልሽ» አለች። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። የተቋረጠ መስሎኝ መልሼ ደወልኩ፤ አላነሣችም።

የደወለችልኝ እሑድ ከሰዓት ነው። አማካሪዋን ዶክተር ኪሩቤልን አግኝታ ሁሉንም ነግራዋለች። አልተቆጣም አለችኝ፤ ግን ሰኞ እንዳታስገባ ነግሯታል። አሥራ አንዱ ሴቶች እንደገና ይጠየቁ። ወረቀቱ ሁለት ዓምድ ይኑረው፤ በአንዱ ሴትየዋ የምትለው፣ በሌላው፣ እሷ ከፈቀደች ብቻ፣ እጇ ላይ የሚታየው። መጀመሪያ የተሳሳትነውም በአጠናን ዘዴው ውስጥ ይጻፍ፤ ማን እንዳጠፋው፣ ስንት እንደሆነ፣ እንዴት እንደታረመ።

«ስለዚህ ምርቃቱ ጥቅምት ነው፣ እማዬ» አለች። «ሐምሌ የለም።»

በማግስቱ ማዳምን ኢጃዛዬን ወደ ጥቅምት እንድታዛውርልኝ ለመንኳት። ክፉ ሰው አይደለችም። ግን ጥቅምት ልጆቹ ትምህርት ላይ ናቸው። «ሐምሌ፣ ካልሆነም ዘንድሮ የለም» አለችኝ። ለሲምረት ስነግራት፣ «በሐምሌ ነይ፤ ጋውን ባይኖርም እኔ አለሁ» አለች። እሺ አልኳት። ቀሚሱን ከሻንጣው አላወጣሁትም።

ሦስት ዐርብ ፈጀብኝ። ጀህራ ከሚባለው ሰፈር የምትመጣዋ ሴት፣ ቁጥር አራት፣ እጇን ማሳየት አልፈልግም አለች፤ «አልፈቀደችም» ብዬ ጻፍኩ። ሌሎቹ ፈቀዱ። ሂሩት የመጨረሻዋ ሆነች። ሁለት ዐርብ ሳታናግረኝ አልፋ፣ በሦስተኛው ራሷ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጠረጴዛው ሥር እንደያዘች።

ጥያቄውን አነበብኩላት።

«የለብኝም። ተፈውሻለሁ» አለች፤ ዓይን ዓይኔን እያየች።

«የለም» ላይ ራይት አደረግሁ። በዚህኛው ወረቀት የምጽፈው በእስክሪብቶ ነው።

«እጅሽን እንዳይ ትፈቅጂልኛለሽ?»

ደረጃው ላይ ሰዎች ሲወርዱ ሲወጡ ይሰማል። ከዚያ ሁለቱንም እጆቿን አወጣችና መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው።

«ያየሽውን ጻፊ» አለች። «ያልኩትን ግን እንዳትነኪው።»

ጻፍኩ። «በጣቶቿ መካከል ቆዳው ተሰንጥቋል። የቀኝ መዳፏ ተልጧል።» ስጽፍ ቀርፋፋ ነኝ፤ «ተሰንጥቋል» ብቻዋን ብዙ ፈጀችብኝ። እስክጨርስ ሂሩት እጇን አላነሣችም።

ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ አየችው። ማንበብ አትችልም።

«አንብቢልኝ» አለች። «ሁለቱንም።»

ጣቴን ከመጀመሪያው ዓምድ ሥር አድርጌ ጀመርኩላት።