ጉሮሮዋ የጠቆረ ድንቢጥ

ታናሽ ወንድሜ ደስ ሲለው ደስ አይለኝም። ደስ ካለው የሸሸገው ነገር አለ ማለት ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ሰሞኑን ቤት ውስጥ ሳይቀር ኮፍያውን አላወልቅም ብሎ፣ እጆቹን ኪሱ ከትቶ፣ መናፈሻው ውስጥ ብርቅ ድንቢጥ አየሁ እያለ ያወራ ጀመር። ፊቷና ጉሮሮዋ ጥቁር፣ ምንቃሯ ሮዝ፣ ብርድ ሲገባ ከሩቅ የምትመጣ፣ እኛ ከተማ ግን ታይታ የማታውቅ። ቅዳሜ ጠዋት የወፍ ተመልካቾች ማኅበር አባላት መጥተው ካረጋገጡ በስሙ ትመዘገብለታለች። አምና ላባዋ የረገፈ ተራ ወፍ ብርቅ ናት ብሎ ሁሉንም በብርድ ገትሮ መሳቂያ ሆኗል። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ሁለተኛ ቢያታልለን ይሰናበታል ብለዋል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለ ማኅበሩ ምን ቀረው?

ዓርብ ፀጉር ቤቴን ከፍቼ ደንበኛ ላቀልም ስል ጥቁሩ ቀለም ግማሹ የለም። ከእኔ ሌላ ቁልፍ ያለው እሱ ነው። ይህ ጉደኛ ተራ ድንቢጥ ይዞ ጉሮሮዋን ቀብቶ ለቋታል! ስጠይቀው እኔ ምን አውቄ አለና ዓይኑን አሸሸ።

ቅዳሜ ተከትዬው ሄድኩ። ወፏ ቁጥቋጦ ሥር መሬት ትጭራለች። አባላቱ ከበው ያንሾካሹካሉ፤ መምህሩ አንዴ ወፏን፣ አንዴ ወንድሜን ያያሉ። የሩቅ ማያ መነጽሩን ከወንድሜ አንገት አውልቄ አነጣጠርኩ። የተቀባ ነገር እኔን አያመልጠኝም፤ ቀለም ዳር ዳሩን ያሳብቃል። የእሷ ጥቁር ግን ጠርዙ ላይ እየሳሳ ከግራጫው ጋር ይዋሃዳል። ኋላም ያቆረ ውሃ ውስጥ ገብታ ተንቦጫረቀች፤ ውሃው ላይ ጠብ ያለ ቀለም የለም። እፎይ አልኩ፤ እውነተኛ ናት።

መነጽሩን ስመልስለት እጁን ከኪሱ አወጣ። ጣቶቹ እስከ ጥፍራቸው ጠቁረዋል። መምህሩ አዩ።

«ይሄ ቀለም አይደለም እንዴ?» አሉ።

ወንድሜ አቀረቀረና በቅርቡ ማኅበሩን የተቀላቀለችውን ፋርማሲስት ሰረቅ አድርጎ አያት። ያኔ ኮፍያውም፣ እጁም፣ ደስታውም ገባኝ። ዝም ብል ወፏ ውሸት፣ እሱም ተባራሪ ሊሆን ነው። ብናገር በእሷ ፊት ላዋርደው ነው። በዓይኑ ተይ እያለ ለመነኝ። ብሽቅ አልኩና ኮፍያውን መንጭቄ አወለቅኩት።

ሽበቱ ድራሹ ጠፍቷል። ግንባሩና ጆሮዎቹ ሳይቀሩ ጠቁረዋል።

«ወፏን አልነካም ጋሼ፤ የቀባው ራሱን ነው» አልኩ።

ሳቅ ሆነ። መምህሩም ሳል እያስመሰሉ ሳቁ። ፋርማሲስቷ ግን አልሳቀችም። ጠጋ ብላ ጆሮውን አየችና የራሷን ጓንት አውልቃ ሰጠችው።

«ቀለም በጓንት ነው የሚቀባው» አለችው።

ወፏ በስሙ ተመዘገበች። እኔን ግን አኩርፎ ሰነበተ። ትናንት ፀጉር ቤት መጥቶ፣ ጆሮዬ ላይ ያለውን አስለቅቂልኝ አለና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እጁ ላይ የሴት ጓንት አድርጓል። ደስ ብሎታል።