የፉጨቴ መነሻ ድምፅ

እውነተኛ ስሟን የሚጠራት የለም፤ ራዳር ነው የሚሏት። ሃያ ሁለት ዓመት ለእንግዳ ወፍ ስታሳይ የኖረች አስጎብኚ ናት። ጭጋግ ተራራውን ሲውጠው፣ እንኳን ወፍ የራስ ጫማም አልታይ ሲል፣ እሷ ቆም ብላ አንገቷን ዘንበል ታደርግና «በግራ በኩል፣ ሦስተኛው ዛፍ ላይ፣ ሁለት ናቸው» ትላለች። ጭጋጉ ሲገለጥ ሁለት ናቸው! የጉዞ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅም «ራዳር ከሰማች በቃ፣ እንዳያችሁት ቁጠሩት» እያለ ለመጣው ሁሉ ያወራላታል። ሃያ ዓመት በአንድ ነገር ሲመሰገን የኖረ ሰው፣ ያ ነገር ሲጎድልበት ለራሱም አይናገርም። እሷም አልተናገረችም።

ሥራው የራሱ ሕግ አለው። ቀኑ ሲያልቅ እንግዳው መዝገቡን ይከፍታል፣ አስጎብኚዋ የወፎቹን ስም አንድ በአንድ ትጠራለች፣ ከያንዳንዱ ስም ጎን «ታየ» ወይም «ተሰማ» ተብሎ ይጻፋል። ለሚደበቁት ወፎች «ተሰማ» ይበቃል። ምስክሩ ታዲያ የአስጎብኚዋ ጆሮ ነው፤ እሱን የሚሟገት የለም።

የዚህ ሳምንት እንግዳ አንዲት ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። አርባ ዓመት ችሎት ላይ ተቀምጠው ኖረው፣ በጡረታቸው ማግስት አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ገዙና ወፍ ለቀማ ገቡ። መዝገባቸው ውስጥ ሰባት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ወፍ አለ። ስምንት መቶኛው ፉጨቴ እንዲሆን ቆርጠዋል። ፉጨቴ አውራ ጣት የምታህል ቡናማ ወፍ ናት፤ ተራራው አናት ላይ ቀርከሃ ውስጥ ተሸሽጋ ትኖራለች። መጀመሪያ እንደ መርፌ የቀጠነች አንዲት ድምፅ ታሰማለች፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ወደ ታች ታፏጫለች። ዳኛዋ ለእሷ ብለው ሁለት ጊዜ መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። «ጉልበቴ ለአራተኛ ጊዜ አይፈቅድልኝም፤ ይቺ የመጨረሻዬ ናት» አሉ ገና ከመኪናው ሳይወርዱ።

በመጀመሪያው ቀን፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው ሳለ ራዳር እጇን አነሳች።

«ፉጨቴ! ከገደሉ ማዶ!»

ፉጨቱ ሦስት ጊዜ መጣ። በማንም ላይ ፈርደው ያላለቀሱት ዳኛ እንባቸው መዝገቡ ላይ ተንጠባጠበ። 800፣ ፉጨቴ፣ ተሰማ። መኪናው ላይ ደገፍ ብሎ የቆመው ሹፌር አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ሹፌሩ የራዳር ባል ታላቅ ወንድም ነው፣ ጋሼ ትለዋለች። አሥራ አምስት ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ስለ ወፍ ግን «እኔ የማውቀው ጎማ ነው» ከማለት አልፎ አያውቅም።

በማግስቱ ንጋት ላይ ተነስተው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሲወርዱም ጋሼን አላስቻለውም። «የማትታይ ወፍ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብሎ ተረተ። ዳኛዋ ከት ብለው ሳቁ። ያን ቀን ምን ቢባል ይስቁ ነበር።

ምሳ ሰዓት አካባቢ ደረሱ። ዳኛዋ ክፍላቸው በረንዳ ላይ ሲያርፉ ራዳር ቆርቆሮ ክዳን ካለው ሻይ ቤት ገባች። እዚያ አንድ የሌላ ድርጅት አስጎብኚ አገኘች፤ ሥራውን ያስተማረችው እሷው ናት። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ብሶቱን ጀመረ።

«ዘንድሮ ፉጨቴ የት ገባች በይ? ትናንት ከገደሉ ማዶ ሆኜ ድምፅዋን በስፒከር ሦስት ጊዜ ለቀቅኩላት። እንኳን ልትመጣ፣ አልመለሰችልኝም።»

«በስንት ሰዓት?»

«አሥራ ሁለት ተኩል ላይ።»

ራዳር ክው አለች። ሻዩ እጇ ላይ ሲፈስ እንኳ አልተሰማትም።

ትንሽ ስፒከር ያቺን እንደ መርፌ የቀጠነች መነሻ አያወጣትም፤ ሦስቱን ፉጨት ብቻ ነው የሚያሰማው። ይህንን ለዚህ ልጅ ያስተማረችው ማን ሆነና! «መነሻው ከሌለ ወፍ አይደለም፣ ስፒከር ነው» ያለችው እሷ ናት። ለመሆኑ መነሻውን ራሷ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችው መቼ ነው? ዓምና? ካቻምና? እግዜር ያሳያችሁ፣ እስከዛሬ ወፎቹ ዜማቸውን ያሳጠሩ ነበር የመሰላት።

ጋሼ የመኪናውን መስታወት እየወለወለ ሳለ ደረሰችበት።

«ጋሼ፣ ትናንት ጠዋት መነሻው ነበረው?»

«አልነበረውም» አለ፣ ጨርቁን ሳያቆም።

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«አንቺ ራዳር፣ እኔ ሹፌር! ምን ብዬ ልናገር? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እህቴ። ይኸው ሁለት ዓመት፣ ስልክሽ አጠገብሽ እየጮኸ አታነሺም። ወንድሜማ ያኮረፍሽው መስሎት ተቸግሯል።»

መሳቅ አማራት፤ አልቻለችም። ጋሼ ጨርቁን ጨመቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ነገ ከሰዓት በአሥራ አንድ ሰዓት ወደ ቤታቸው የሚመልሳቸውን ጀልባ ይሳፈራሉ። ደስ ብሏቸዋል፣ ተዪያቸው።»

«ዳኛ ናቸው እኮ ጋሼ! በሐሰት ምስክር አስፈረድኳቸው።»

ይህን ብላ ቆርጣ ተነሳች። እሷ አንዴ ከቆረጠች በሬ ጠምደው አይመልሷትም። ያም ሆኖ እስከ በረንዳው ድረስ የተራመደችው ያፈረች ሰው አረማመድ ነበር።

ለዳኛዋ ምንም ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ ስፒከሩን፣ መነሻውን፣ ጆሮዋን። ዳኛዋ የዓይን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጆሮሽ ከደከመ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሁለት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም።»

«አለቃሽ ያውቃል?»

«አያውቅም። ፈራሁ። ከዚህ ጆሮ ሌላ ምን አለኝና፣ እትዬ?»

«ልጄ ኬክ አዛለች!» አሉ ዳኛዋ ድንገት ጮክ ብለው። «ስምንት መቶ የሚል ተጽፎበት! ለአገር ምድሩ ደውዬ ነግሬያለሁ!» እስክሪብቷቸውን አወጡና መስመሩን አንድ ጊዜ ሰረዙት። ራዳር ያቺን ጭረት አየች።

«ይነሱ፣ እንመለስ» አለች። «መንገዱ ስድስት ሰዓት ነው፤ ተራራው ላይ እናድራለን። ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት የኛ ነው። ከዚያ ወርደን ለጀልባው እንደርሳለን።»

«በየትኛው ጆሮሽ ልታሰሚኝ?»

«ላሰማዎት አይደለም፤ ላሳይዎት ነው።»

«ሰው ሁሉ ሰምቷት ብቻ የሚመለሰውን ወፍ?»

«ሞቼ እገኛለሁ» አለች ራዳር። ዳኛዋ ሻንጣቸውን ፈለጉ።

ከመነሳታቸው በፊት ለሥራ አስኪያጁ ደወለችና ጉዷን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። ሰውየው፣ «ላስብበትና ነገ እደውልልሻለሁ» ብሎ ዘጋው። በቃ፣ የሆነው ይሁን አለች።

ንጋት ላይ አፋፉን ትተው ቀርከሃው ውስጥ ገቡ። ጉንዳን በሰልፍ ሲጓዝ ከፊቱ ትንኙም ፌንጣውም ይሸሻል፤ ፉጨቴ ያንን ለመልቀም ሰልፉን ትከተላለች። ራዳር ይህን በወጣትነቷ ታውቀው ነበር፤ ጆሮዋ ሥራውን ስለሚጨርስላት ዓይኗን ሥራ አስፈትታው ኖረች። አሁን በአራት እግሯ እየዳኸች፣ ጭቃ ለብሳ፣ የጉንዳኑን ሰልፍ አገኘችው። ዳኛዋን ላስቲክ አንጥፋ አስቀመጠቻቸው።

«ጋሼ፣ አንተ ከኋላዬ ሁን። መነሻዋን በሰማህበት በኩል ትከሻዬን ንካኝ።»

«እኔ? እኔ የማውቀው ጎ…»

«ጎማህን ተወኝ!»

አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት አለፈ። ጉንዳን ሱሪዋ ውስጥ ገብቶ ነከሳት፤ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። የዳኛዋ ጉልበት ተያዘ፣ ፊታቸው ገረጣ፣ ግን እንነሳ አላሉም። ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ጋሼ «መንገዱ…» ብሎ አንሾካሾከ። «ዝም በል» አለችው።

ወዲያው ቀኝ ትከሻዋን ነካት፤ ፉጨቱ ግን አልተከተለም።

ወደ ቀኝ ዞረች፤ ዝቅ ብላ አየች። ነፋስ የለም፣ አንዲት ቅጠል ግን ተነቃነቀች። ከቅጠሏ ሥር፣ የወደቀ ቀርከሃ ላይ፣ ቡናማዋ ወፍ ቆማለች። ራዳር በጣቷ አልጠቆመችም፤ የዳኛዋን ክንድ ቀስ አድርጋ መራችው። መነጽሩ ከወፏ ጋር ገጠመ።

ወፏ ቀና አለችና መልሳ አፏን ከፈተች። ጉሮሮዋ ተርገበገበ። ራዳር ግን ምንም አልሰማችም። ጫካው ጭጭ እንዳለ ያን ትንሽ ጉሮሮ ብቻ አየች፤ ከዚያ ሦስቱ ፉጨቶች ተከታትለው መጡ። የጠፋባትን ድምፅ በዓይኗ አየችው። አለቀሰች፤ ከኀዘኑና ከደስታው የትኛው እንደሚበልጥ እሷም አላወቀችም።

መኪናው ቁልቁል ሲምዘገዘግ ዳኛዋ መዝገቡን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። የዛሬውን ስም የጠሩት ራሳቸው ናቸው።

«ስምንት መቶ፣ ፉጨቴ፣ ታየ!» አሉና ራዳርን ተመለከቱ። «ተሰማ ወይ?»

«እኔ ሦስቱን ነው የሰማሁት። መነሻውን ጋሼን ይጠይቁት።»

ጋሼን በአሥራ አምስት ዓመት አንድም ቀን ስለ ወፍ የጠየቀው ሰው የለም። ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንገትጌውን አስተካከለ፣ ቃለ መሐላ እንደሚፈጽም ሰው ወንበሩ ላይ ቀጥ አለ።

«ተሰማ፣ ክብርት ዳኛ። ከነመነሻው።»

ዳኛዋ ጻፉ። ጋሼ መሪውን በግራ እጁ ይዞ ቀኝ እጁን ዘረጋና የራዳርን ትከሻ ነካ። ደንግጣ ዛፎቹን አየች። «ወፍ አይደለም» አለ፣ «ስልክሽ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ነበር። ራዳር ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«ጮክ ብለህ ተናገር፣ ጆሮዬ ደክሟል» አለችው፣ ሁሉም እየሰማት። «ደግሞ ሌላ ሹፌር ፈልግ። ጋሼ ከእንግዲህ መኪና አይጠብቅም፤ ከእኔ ጋር ጫካ ይገባል።»