ቄሱ ስልኩን የቆለፈ ሰሞን

ባሌ ስልኩን የቆለፈው ማክሰኞ ዕለት ነው። ከደብረ ብርሃን ሲመለስ የአንኮበር ጉም ጋቢውን አርሶት ነበር። እንደ ልማዱ «ደረቅ ልብስ አምጪልኝ» ሳይል መጀመሪያ ያወጣው ስልኩን ነው። የጸሎት መጽሐፉ ወደተሰቀለበት ግድግዳ ፊቱን አዞረ፣ በጋቢው ጫፍ ከለለና አራት ጊዜ ነካ ነካ አደረገ። አራቱንም ቆጠርኳቸው።

«ምን አደረግኸው?» አልኩት። ሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ቤት ውስጥ ግን አንተ ነው።

«በቁጥር ዘጋሁት። ስልክ ጠጋኙ አስተማረኝ።»

«ከማን ልትደብቀው?»

«የሰው ነፍስ አለበት፣ ወለተሐና። የእኔ ብቻ አይደለም» አለና ደረት ኪሱ ከተተው።

የሰው ነፍስ! የማን ነፍስ እንደሆነ መች አጣሁት። ስልኩን የገዛችለት ሳሌም ናት። ደብረ ብርሃን መናኸሪያው አጠገብ ብርድ ልብስና ጋቢ ትሸጣለች፤ ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። ባሌ ቄስ ወልደኪዳን የንስሐ አባቷ ነው። የንስሐ ልጆቹ እስከ ጫጫ ድረስ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ሳቋን ከሩቅ የምለየው የእሷን ብቻ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ትመጣለች። መስቀል ተሳልማ ቀና ስትል ነጠላዋ ከራሷ ይንሸራተታል። ሁልጊዜ ይንሸራተታል! የእኛስ ነጠላ ምን ብሎት ነው ጸንቶ የሚቀመጠው?

ቅናታም ነኝ፤ አልክድም። ግን ያለ ነገር አልቀናሁም። የቄስ ትዳር አንድ ጊዜ ነው፣ በቁርባን ተጋብተናል። እሱ ሌላ ሴት ጋ ከሄደ ክህነቱ ይፈርሳል። ቤታችንም አብሮ ይፈርሳል። እኔም ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ጓዜን ሸክፌ አባቴ ደጅ ልቆም ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ይህን ሳስብ እህል አልወረደልኝም። እሱ ደግሞ «አመመሽ እንዴ?» ይለኛል፤ አንጀቴን እያሳረረው!

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ አልኩና ሐሙስን ጠበቅኩ። ሐሙስ ተረኛ ቀዳሽ እሱ ነበር። ስልክ ቤተ መቅደስ አይገባምና መደርደሪያው ላይ ትቶት ሄደ። ቅዳሴው ረጅም ነው። በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ።

የቄስ ባል ቁጥር ከየት ያመጣል? ከበዓላቱ ነዋ። ኪዳነ ምሕረትንና ሚካኤልን አንድ ላይ፣ 1612 አልኩት። እምቢ። ማርያምንና መድኃኔ ዓለምን፣ 2127። እምቢ። ሥላሴንም ጊዮርጊስንም ገለባብጬ ሞከርኩ። የተጋባንበትን ጥር ሃያ አንድን ግን አልነካሁትም። ባይከፍትልኝ ምን ይውጠኛል? በአምስተኛው ስልኩ ሠላሳ ሰከንድ ጠብቂ አለኝ። ስልክ እንኳ ታገሺ ይለኛል!

ሰከንዱ ሲቆጥር ዓይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ። ከማክሰኞ ወዲህ ስልኩን ሊከፍት ሲል ሁሉ ወደዚያ ግድግዳ ይዞር ነበር። ተነሣሁና የጸሎት መጽሐፉን የቆዳ ማኅደር ገለጥኩት። በክዳኑ ውስጥ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ፲፪፻፵፮ ተብሎ ተጽፏል።

ጠጋኙ «ሰው በማያነበው ቦታ ጻፉት» ብሎት ይሆናል። እሱም በግእዝ ቁጥር ጻፈው፤ የማንን ልጅ እንዳገባ ረስቶ! አባቴ መሪጌታ ወልደአረጋይ ተማሪዎቹን ቁጥር ሲያስቆጥር እኔ ከጓዳ ሆኜ ቀድሜያቸው እጨርስ ነበር። አሥራ ሁለት መቶ አርባ ስድስት። 1246 ብዬ ነካሁት። ተከፈተ።

ቴሌግራሙ ላይ ከሁሉ በላይ የሳሌም ስም ነበር፣ ከሥሩ የድምፅ መልእክት። ተጫንኩት።

«አባ» አለች፤ እያለቀሰች ነው። «ስልኩን ስገዛልዎ ለበጎ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ድምፅዎን ልሰማ ብዬ እንደሆነ ገባኝ። ካህን ነዎት፣ ባለትዳር ነዎት፣ አውቃለሁ። ልቤ ግን እምቢ አለኝ። ኃጢአቴ ይኼ ነው። ምን ላድርግ?»

ከሥሩ የእሱ መልስ አለ። «ሳሌም፣ ልጄ። የተናዘዝሽው ለእግዚአብሔር ነው፣ እሱ ይፍታሽ። ከዛሬ ወዲያ ግን የንስሐ አባትሽ ልሆን አይገባኝም። ጠባሴ ሰፈር ወዳሉት ወደ ቄስ ብርሃነ መስቀል ሂጂ። ስልኩንም እመልስልሻለሁ። በርቺ፣ ልጄ።»

ሦስት ጊዜ ሰማሁት። በመጀመሪያው ደስ አለኝ፤ ይኸው፣ አልተሳሳትኩም! በሁለተኛው ተናደድኩ፤ የምናደድበት ሰው ግን አጣሁ። እሱ የሚገባውን አድርጓል፣ እሷም ራሷን ከስሳለች። በሦስተኛው የሰማሁት ያቺን «ልጄ» የምትል ቃሉን ብቻ ነው። ለእኔ ድምፁን እንዲያ አለስልሶ የተናገረኝ መቼ ነው? ስልኩን ቦታው መለስኩት። የሰው ኑዛዜ ሰርቄ መስማቴ የታወቀኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ዓርብ ምሳ በልተን ስንነሣ ሲም ካርዱን ወደ አሮጌ ስልኩ መለሰና ይኼኛውን ሰጠኝ።

«ነገ ደብረ ብርሃን ገበያ ስትወጪ ይኼን ለሳሌም ስጪልኝ። አልሆነኝም ብሏል በያት።»

«ለምን አልሆነህም?»

«አልሆነኝም፣ በቃ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉታል። ተቀበልኩት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሱቋ ደረስኩ። ብርድ ልብሱ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ስታየኝ ብድግ አለች፣ «እትዬ ወለተሐና፣ ይግቡ!» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ሦስቴ ሳመችኝ፣ እኔም ጉንጬን ሰጠኋት። ስልኩን ሳወጣ ሳቋ ጠፋ።

«አልሆነኝም ብለዋል» አልኳት።

«እሺ» አለች፤ ዓይኗን ሰበረች። ተቀበለችኝና ነካ አደረገችው። «ቁጥር ይጠይቀኛል።»

«እንጃ።» አፌ እንጃ ሲል ጥሩ ነበር።

«ይቆዩ፣ ደውዬ ልጠይቃቸው» ብላ ሌላውን ስልኳን አነሣች።

ልትደውልለት! ደግሞ ድምፁን ልትሰማ! ደግሞ «ልጄ» ሊላት! ደሜ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። ስልኩን ከእጇ ነጥቄ 1246 ነካሁት። ተከፈተ።

ሳሌም ፊቷ አመድ መሰለ።

«እርሳቸው... ነገሩዎት?»

የጠየቀችኝ ስለ ቁጥሩ እንዳልሆነ ገባኝ። አዎ ብላት ነገሩ እዚያው ያበቃል። ዳግመኛ አንኮበርን አትረግጥም፤ ነጠላዋም እኛ ደጅ አይንሸራተትም። ለአፍታ ጣፈጠኝ፣ አልዋሽም። ግን አዎ ማለት ቄስ ወልደኪዳን የንስሐ ልጁን ምስጢር ለሚስቱ አወራ ማለት ነው። ከእንግዲህ ማን ይናዘዝለታል? ይፈርሳል ብዬ ሳለቅስለት የሰነበትኩትን ክህነት በአንዲት ቃል ላፈርሰው ነበር።

«አልነገሩኝም» አልኳት። «ቁጥሩን ከጸሎት መጽሐፉ ሰርቄ ነው። እርሳቸው እስካሁን አያውቁም። የእኔ ቅናት ነው፣ ሳሌም። የእርሳቸው እጅ የለበትም።»

«ሰሙት?»

«ሦስት ጊዜ።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። አንዲት ሴት ገብታ የጋቢ ዋጋ ጠየቀች፤ ሳሌም ነገረቻት፣ ሴትዮዋም ወጣች።

«እኔስ ተናዝዣለሁ» አለችኝ ያኔ፣ ቀስ ብላ። «እርስዎስ?»

ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። ቁጥሩን ልትቀይር ነጠላዋን በሁለት እጇ ወደ ፊት ሳበችና ከለለችው። ያን ዕለት ነጠላዋ አልተንሸራተተም። እኔም ሳትለኝ ፊቴን ወደ ብርድ ልብሶቹ አዞርኩ።