መበለቶቹ ወደ ኋላ ሲራመዱ

ዴዝሞንድ የሚባለው የትርኢቱ አዘጋጅ ያችን ዘፈን መድረክ ላይ ካወጣት ጀምሮ ሙሪዬል ረቡዕን እንደ ጠላት ነበር የምታየው። በሌላው ቀን ትርኢቱ አንዴ ነው፤ ረቡዕ ግን ከሰዓት በኋላም ማታም አለ፣ ዘፈኗም ሁለቴ ናት። ዘፈኗ ደግሞ ጉድ ነበረች፣ ይኼን የሚክድ የለም። ጥቁር የለበሱ አሥራ ሁለት የዓሣ አጥማጅ መበለቶች ፋኖስ ይዘው፣ ፊታቸውን ለተመልካች ሰጥተው፣ እየዘፈኑ ወደ ኋላ ይራመዳሉ። መሃላቸው ነጭ የለበሰች ሙሽራ አለች። ስምንተኛው ምት ላይ ሙሽራይቱ እጆቿን ዘርግታ በጀርባዋ ትወድቃለች፤ ወለሉ ተከፍቶ ይውጣታል፣ መልሶ ይዘጋል፣ ፋኖሱም ድርግም ይላል። ለንደን ውስጥ ቲያትር የሚወድ ሁሉ የሚያወራው ስለዚህች ቅጽበት ነበር።

ሙሽራዋን የምትጫወተው ኦርላ ስትወድቅ ዞር ብላ አታይም። ካየችማ ምኑን አማረ፣ ይላል ዴዝሞንድ። እሱ ምን አለበት፣ የሚወድቀው የሰው ጀርባ ነው። ከመድረኩ ሥር ወፍራም ፍራሽ አለ። ወለሉን የሚከፍተው ገስም እዚያው ሥር ስለሚቀመጥ ላይ የሚሆነውን አያይም። የመድረክ ኃላፊዋ ሙሪዬል ከመድረኩ ጥግ ጠረጴዛዋ ላይ ሆና በማዳመጫው "ሂድ" ስትለው ቁልፉን ይጫናል፤ ካላለችው አይጫንም። መብራቱም፣ መጋረጃውም፣ ወለሉም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በእሷ አፍ ሲንቀሳቀስ ኖሯል። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

ልጇ ታምዚን እዚያው ቲያትር ቤት ተጠባባቂ ተወዛዋዥ ናት። ተጠባባቂ ማለት የስምንት ሴቶችን ቦታ በቃሏ አጥንታ፣ ላይ ክፍል ቁጭ ብላ፣ አንዷ እስክትታመም የምትጠብቅ ምስኪን ናት። አሥራ አንድ ወር ጠበቀች። ስትቀጠር ዴዝሞንድ እናትየውን ለብቻዋ ጠርቶ፣ "ልጅሽ መድረክ ላይ ስትሆን እንደ ማንም ሰው ቆጥረሻት ትሠሪያለሽ? ካልቻልሽ ከአሁኑ ንገሪኝ፣ ሌላ ልጅ አላጣም" ብሏት ነበር። "ሃያ ስድስት ዓመት ምን ስሠራ የኖርኩ መሰለህ?" አለችው። ካልቻለች የምትባረረው ታምዚን መሆኗን ሁለቱም ያውቁታል።

በዚያ ረቡዕ ከሰዓት የመጀመሪያው ክፍል ሊያልቅ ሲል፣ አራተኛዋ መበለት ፊሊፓ ደረጃ ላይ እግሯ ወለም አላት። እረፍቱ ሃያ ደቂቃ ነው። ታምዚን ጥቁሩን ቀሚስ እየቆለፈች እየሮጠች ወረደች።

"እማ፣ ከኋላ ቆልፊልኝ።"

"እዚህ እማ የሚባል የለም።"

"እሺ አለቃዬ። ባሌን ዛሬ ነው ባሕር የበላው፣ እስቲ ትንሽ እዘኝልኝ።"

ሙሪዬል ቆለፈችላት እንጂ አልሳቀችም። አራተኛዋ መበለት ወለሉ ሲከፈት የምትቆመው ከጉድጓዱ ጠርዝ አንድ ስንዝር ርቃ ነው።

በዚያ ቤት አንድ ደንብ አለ። አዲስ ሰው ወደዚያ ዘፈን ስትገባ፣ መጋረጃው እንደተዘጋ ቦታው ላይ ቀስ ብላ እንድትራመድ ይደረጋል፤ የተቀየረ እርምጃ ካለ፣ ግማሽ ጫማም ቢሆን፣ የሙሪዬል ደብተር ላይ ይጻፋል። ሙሪዬል ግን ለፊሊፓ ሐኪም ስትጠራ፣ የአደጋ ቅጽ ስትሞላ እረፍቱ አለቀባት። ስትመለስ ዴዝሞንድ ቆሞ በእረፍት የሚሸጠውን አይስክሬም በትንሿ ማንኪያ ይልሳል።

"ተራመደች?"

"ተራምዳለች። ደህና ናት፣ ጎበዝ ልጅ።"

"ዴዝሞንድ፣ ለዛሬ ወለሉ ተዘግቶ ይዋል። ኦርላ ጨለማው ውስጥ በእግሯ ትውጣ።"

"እንግዶች ከኒውዮርክ ድረስ መጥተው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል እኮ። ይቺን ዘፈን ሊያዩ!" ማንኪያውን ከአፉ አወጣ። "ወይስ ልጅሽ ስለሆነች ነው?"

ምን ትበለው? አዎ ካለች ታምዚን ነገ ሥራ የላትም። "አይደለም" አለችና ማዳመጫዋን አጠለቀች። 

ሁለተኛው ክፍል ሲጋመስ ዘፈኗ መጣች። መበለቶቹ ፋኖሳቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ታምዚን ከግራ አራተኛ ናት፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ድምጿ ከሌሎቹ ጋር ገጥሞ። ሙሪዬል ሳታስበው ኮራች። ወዲያው በኩራቷ ተናደደች።

"ገስ፣ ለወለሉ ተዘጋጅ።"

"ተዘጋጅቻለሁ።"

አንድ። ሁለት። ሦስት። ሴቶቹ ወደ ኋላ ይራመዳሉ፣ ማንም አይዞርም። አራተኛው ምት ላይ ታምዚን መስመሯን ለቀቀች። ሙሪዬል ዓይኗን ማመን አቃታት። ልጅቷ ወደ ውስጥ ገብታለች። አምስት። ስድስት ላይ ታምዚን የምትከፈተው ሳንቃ መሃል ላይ ናት፣ ፋኖሷን ከፍ አድርጋ ትዘፍናለች፣ ከእግሯ ሥር የሦስት ሜትር ጉድጓድ አለ። ፍራሹ የተነጠፈው ለኦርላ አወዳደቅ ነው፤ ቆማ ሳታስበው የምትገባ ሰው የምታርፈው ከፍራሹ ጎን ያለው ብረት ላይ ነው። ሙሪዬል ይኼን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ሰባት። ኦርላ እጆቿን ዘረጋች።

ሙሪዬል አፏን ከፈተች። "ሂድ" የምትለው ቃል ግን አልወጣችም።

ስምንት። ኦርላ በጀርባዋ ሄደች፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ዞር ሳትል። የተዘጋውን ሳንቃ የመታችበትን ድምፅ ከበሮው ዋጠው። ሴቶቹ ፋኖሶቻቸውን አጠፉ። አዳራሹ ትንፋሹን ሳበ፣ ከዚያ ጭብጨባው ፈነዳ፤ ሰዉ ከወንበሩ ተነሳ።

"ሙሪዬል፣" አለ ገስ በማዳመጫው፣ "አልጠራሽኝም እኮ። ፍራሹ ባዶ ነው። ኦርላ የት አለች?"

"መጋረጃ፣ ሂድ" አለች ሙሪዬል። ይቺኛዋ ወጣች። ማዳመጫዋን ወርውራ ሮጠች።

ኦርላ ነጩ ቀሚሷ ተዘርግቶ እንደወደቀች ናት፣ ዓይኖቿ ተከፍተዋል። ታምዚን አጠገቧ ተንበርክካ እጇን ይዛታለች። ከሳንቃው ጠርዝ ወዲያ ማዶ፣ ወለሉ ቢከፈት በማይነካው ቦታ ላይ፣ የታምዚን ፋኖስ ቁጭ ብሏል።

"እግሬን ማን ነው የያዘው?" አለች ኦርላ ቀስ ብላ። "ልቀቁኝ በሏቸው።"

እግሯን የያዘ ሰው አልነበረም።

ታምዚን ወደ እናቷ ቀና አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። "ሳንቃው ገና ተዘግቶ ሳለ አቋርጬ በሰባት ማዶ እወጣለሁ። ጠርዙ ለአዲስ ሰው ይጠባል ብሎ ዴዝሞንድ ነው የቀየረልኝ። ደብተርሽ ላይ አልጻፈም?"

"አልጻፈም። አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?"

"የሚጽፍ መስሎኝ። እሱ ደግሞ እኔ የምነግርሽ መስሎታል፣ እናቴ ስለሆንሽ።" ታምዚን የኦርላን እጅ አልለቀቀችም። "ወጥቼ ነበር እኮ፣ እማ። ሰባት ላይ ወጥቼ ነበር። አላየሽም?"

ሙሪዬል አይታ ነበር። ሰባት ላይ የልጅቷ እግር ከሳንቃው ሲወርድ በዓይኗ አይታለች፣ ጊዜም ነበራት። አንድ ቃል ናት።

"በእኔ ቦታ ፊሊፓ ብትሆን ገስን ትጠሪው ነበር" አለች ታምዚን።

መጋረጃው ማዶ ሰዉ ገና ያጨበጭባል፤ ዴዝሞንድም ከአዳራሹ በኩል ፊቱ በርቶ እየመጣ ነው። ሙሪዬል ልጇ ያለችውን አላስተባበለችም።