ከሃያው ሦስቱ

ትንበያ ሠሪዋ አሥራ ሰባተኛውን ካርታ ስትከፍት ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ከወንዙ መነሻ በላይ፣ ተራራው ላይ፣ ሐምራዊ ነጥብ ተቀምጧል። ሐምራዊ ማለት በስድስት ሰዓት ውስጥ መቶ ሃምሳ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ነው። ዓይኔ ነው ብላ ካርታውን ዘግታ ከፈተችው። ያው ነው። አሥራ ስምንተኛውና አሥራ ዘጠነኛው ንጹሕ ነበሩ። ሃያኛው ላይ ግን ሐምራዊው እንደገና ብቅ አለ፤ ወደ ኋላ ተመልሳ ስታይ በችኮላ ያለፈችው ዘጠነኛውም ላይ ነበረ።

ኮምፒውተሩ በየማለዳው አንዱን ቀን ሃያ ጊዜ ያሰላዋል። የሰማዩን ሁኔታ አሟልቶ የሚያውቅ ስለሌለ፣ መነሻውን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየነካካ ሃያ ዓይነት ከሰዓት ያወጣል። ሃያው ሲስማሙ ትንበያ ሠሪ ዘና ብሎ ይጽፋል። ዛሬ አሥራ ሰባቱ ካፊያ ነው አሉ፤ ሦስቱ ታችኛው ሰፈር በውሃ ይዋጣል አሉ።

ባለፈው ዓመት ስድስቱ እንዲህ ብለው ነበር። ያኔ አስጠነቀቀች። ሰው ፍራሹን ተሸክሞ፣ በሽተኛውን አዝሎ ዳገት ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ አናት የሚበሳ ፀሐይ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «እመት ጎርፍ» ሆነ። የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ሳይቀር ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን ሲፈትሽ ዛሬስ የዋና ልብስ ልያዝ ወይ ይላታል። እሷም ትስቃለች።

ሦስቱን ካርታዎች አትማ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ገባች። ኃላፊው ጡረታ ለመውጣት አራት ወር የቀራቸው፣ ክፋት የሌለባቸው፣ ነገር ግን ባለፈው ዓመት በእሷ ማስጠንቀቂያ የተነሳ ከበላይ የወረደባቸው ውርጅብኝ ገና ያልሻረላቸው ሰው ናቸው። ካርታዎቹን አንድ በአንድ አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ከሃያ ሰው ሦስቱ ቢቃዡ ሰፈር ይነሣል?»

«ካልቃዡስ፣ ጋሼ?»

ስድስት ሰዓት ላይ አዲሱ ስሌት ስለሚደርስ እስከዚያ ብትታገሥ ሰማይ እንደማይደፋ ነገሯት። እሷ ደግሞ አዲሱን ስሌት ጠብቀው፣ አይተው፣ ጽፈው ለሬዲዮ እስኪያደርሱት ድረስ ታች ያለው ሰው መውጫ ጊዜ እንደማይኖረው አስረዳች። አልተግባቡም። በጠዋቱ ትንበያ የተነገረው «አልፎ አልፎ ካፊያ» እንዳለ ጸና።

ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ቢዘንብ ትፈራለች፣ ባይዘንብም ትፈራለች። ሰዓቷን አየች፤ አራት ሰዓት ከአሥር። ስልኳን አውጥታ ለታናሽ እህቷ ደወለች። እህቷ ወንዙ ዳር ባለ የሕፃናት ማቆያ ሞግዚት ናት። ስልኩ ሲነሣ አንድ ሕፃን እዬዬ ይላል።

«ስሚኝ፤ አሞኛል በይና ውጪ። አሁኑኑ። እናታችን ቤት ሂጂ።»

«ምን ሆነሻል እትዬ? ድምፅሽ ልክ አይደለም።»

«ወንዙ ሊሞላ ይችላል።»

«በሬዲዮ ተነገረ?»

«አልተነገረም።»

«ሠላሳ አንድ ሕፃን አለኝ» አለች እህትየው ቀስ ብላ። «ስድስቱ ገና ዳዴ የሚሉ ናቸው። ሬዲዮ ያላለውን ብናገር ማን መኪና ይሰጠኛል? የትኛውንስ አቅፌ ልውጣ?»

ስልኩን ዘግታ ወደ ኃላፊው ክፍል ተመለሰች። በሩ ገርበብ ብሏል። ኃላፊው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ መስኮቱን ተጠግተው፣ በዝቅተኛ ድምፅ ከቤታቸው ጋር በስልክ ያወራሉ።

«እማማን ይዘሽ ወደ ላይ ውጪ። ልብሷን ተይው፣ መድኃኒቷን ብቻ ያዢ። ለጎረቤት ምንም አትበይ፤ ሰው እንዳይሸበር።»

ዞር ሲሉ በሩ ላይ አዩዋት። ሁለቱም ዓይናቸውን ወደ ወለሉ ጣሉ።

«እኔም ለእህቴ ደውያለሁ» አለች።

ኃላፊው ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። ግንባራቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «እንግዲያ አምነነዋል» አሉ። ባዶ ወረቀት ሳቡ፤ እሷ እየተናገረች እሳቸው ጻፉ፤ ፈረሙ። ማስጠንቀቂያው በሬዲዮ ሲነገር ለአምስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ጉዳይ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ አዲሱ ስሌት ደረሰ። ሐምራዊው የታየው ከሃያው በአንዱ ብቻ ነበር። ኃላፊው ኮታቸውን አንሥተው ወጡ። በመስኮቱ የሚታየው ሰማይ እንደ ታጠበ ሳህን ንጹሕ ነው፤ ስልኩ በስድብ ይጮሃል። ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ተኩል። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ዝናብ እንዲመጣ እየተመኘች መሆኗን ስታውቅ ራሷን ፈራች።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ የላይኛው የወንዝ መለኪያ ጣቢያ ተመልካች ደወለ። ድልድዩ የለም፣ አለ፤ ውሃው ዛፍ ከነሥሩ ይዞ እየወረደ ነው።

ማታ ሁሉም ታወቀ። የማቆያው ጣሪያ ብቻ ከጭቃው በላይ ቀርቷል። ሕፃናቱን እህቷና አንድ የጡብ መኪና ሾፌር በሁለት ምልልስ ዳገቱ ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት አድርሰዋቸዋል። ከታችኛው ሰፈር ሰው ሁሉ ተርፏል፤ ከአንድ አሸዋ ዛቂ በቀር። ሚስቱ ለሬዲዮ ስትናገር፣ በጠዋቱ ትንበያ ካፊያ ነው መባሉን ሰምቶ አካፋውን ይዞ ከቤት የወጣው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው አለች።

በማግሥቱ ከበላይ የምስጋና ደብዳቤ መጣ፤ ዝርዝር ሪፖርትም ተጠየቀ። ኃላፊው ስሌቱ አደጋውን በግልጽ እንዳሳየ፣ ባለሙያዎቹም ወዲያው እንዳስጠነቀቁ አድርጋ እንድታዘጋጀው ነግረዋት ወደ ክፍላቸው ገቡ። ጻፈች። «ወዲያው» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ቃሉን አጠፋችው። «በግልጽ» የሚለውንም አጥፍታ «ከሃያው በሦስቱ ብቻ» ብላ ተካች። ቀጥላ ጻፈች፦ «4:10 ላይ ለእህቴ ደወልኩ። 4:50 ላይ ለሕዝብ ተነገረ።»

በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ለኃላፊው ስልክ አንድ መስመር ባዶ ትታ አተመችው። ከዚያም ወረቀቱንና እስክሪብቶዋን ይዛ የኃላፊውን በር አንኳኳች።