የመጋቢት ውሃ

ያን ቀን ለምን ዝም አለች? ሦስት ዓመት ሙሉ ይኼንኑ ራሷን ትጠይቃለች የኔአለም፣ መልሱን ታውቀዋለች እኮ፣ ዓይን አፋር ናት፣ ሰው ፊት ስትቆም ምላሷ ይተሳሰራል፣ ይኼ መልስ ነው? ሰበብ ነው።

በምትሠራበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳለች፣ ከመካነ ሰላም ከተማ በታች ካለው ኩሬ ዛሬ ጠዋት የቀዳችው ውሃ ነው፣ ሐምሌ ላይ ጭቃ ነው፣ ብርሃን አይገባውም፣ ምንም አይበቅልበትም፣ መስከረም ጠራ ሲል መስታወት የለበሱት ደቂቃን፣ በዓይን የማይታዩት ሕያዋን፣ ይመጣሉ፣ እንደ ጀልባ ሾጠጥ ያሉ፣ ደስ የሚሉ፣ ታኅሣሥ ላይ አረንጓዴዎቹ፣ ከዚያ በጋው ገፍቶ ውሃው ሲጎድል፣ ሲሞቅ፣ ፋንድያው ሲበዛበት፣ መርዘኞቹ። መጋቢት። ይኸው ሌላው ሁሉ ጠፍቶ እነሱ ብቻ ተቆላልፈው ሞልተውታል፣ ይኼን ሁሉ በመመረቂያ ጽሑፏ ጽፋዋለች፣ በእንግሊዝኛ፣ በሠንጠረዥ፣ እጅግ በጣም ጥሩ ተባለ፣ ማን አነበበው? መደርደሪያው።

ያኔም መጋቢት ነበር። የጎረቤታቸው የአያ አሳምነው ላም ዳልቻ ከኩሬው ጠጥታ ቤት ሳትደርስ ወደቀች፣ አረፋ ደፈቀች፣ የኔአለም የውሃ መቅጃ ጠርሙሷን እንደያዘች እዚያው ቆማለች፣ ውሃው ነው ልትል አፏን ከፈተች፣ አያ አሳምነው ቀደሟት፣ ንግሥቴ ናት፣ ይቺ ጎረቤታችን! ጠዋት በደጄ ስታልፍ፣ ወይ ግት፣ ይቺማ በወተት ጋን ትሞላለች አለች፣ ማሻአላህ አላለችም፣ በዓይኗ በላችብኝ! ሰዉም አዎ አዎ አለ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አንዲት ቃል ስለጎደለች። ኸረ በማርያም፣ በልቤ ብያለሁ፣ እያለች ትምላለች ንግሥቴ፣ በልብ የተባለ ማን ይሰማል፣ የኔአለምም በልቧ እያለች ነበር፣ ውሃው ነው፣ ውሃው ነው፣ አያ አሳምነው ዞር ብለው አዩዋት፣ ምነው ገረጣሽ ልጄ፣ አብሽሪ፣ ከብት ይተካል። እሷን አጽናኗት!

ከብት ተተካ። ንግሥቴን ግን ሰንበቴ የሚጠራት የለም፣ እናቶች ሲያዩዋት ነጠላቸውን ልጃቸው ፊት ላይ ይጥላሉ፣ ትናንት በገበያ መንገድ የኔአለምን አግኝታ፣ አንቺስ አትሸሺኝም፣ ጨዋ ልጅ፣ አለቻት ሳቅ ብላ። ጨዋ! የድሮ ሰዎች ያልተማረውንም ጨዋ ይሉታል፣ ልክ ናቸው፣ ሁለት ዲግሪ ይዛ ጨዋ።

ነገ ከብቱ እንደገና ኩሬው ይወርዳል። ደብዳቤ ብትጽፍስ፣ በግብርና ባለሙያው በኩል ብታስነግርስ፣ ስሟ ሳይነሳ፣ ኤጭ! ስሟ ሳይነሳ የንግሥቴ ስም እንዴት ይነጻል?

ማይክሮስኮፑን ታጠፋለች። መጀመሪያ አያ አሳምነው ዘንድ አይደለም የምትሄደው፣ ንግሥቴ ቤት ነው፣ አሁኑኑ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ፣ ስለ ደቂቃን አታወራም፣ ሠንጠረዥ አታወጣም፣ አውቅ ነበር ትላታለች፣ ያን ቀን አውቅ ነበር፣ ብትሰድባት ትሰደባለች፣ በሩን ብትዘጋባት ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች፣ ከዚያ ሁለቱ አብረው ወደ አያ አሳምነው ይወርዳሉ፣ ንግሥቴ ከእሷ ጋር መሄድ ከፈለገች።