ሰው የሚያይበት ወንበር

ይህ ታሪክ ውሸት ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ አልልም፤ ምላሴ ያስፈልገኛል። ግን እውነት ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። የሌጎስን የመኪና መለዋወጫ ገበያ የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክርልኛል፤ የማይመሰክር ካለ ያን ቀን ሱቁን ዘግቶ የተኛ ነው።

ቺፍ ኡዶካ የገበያው ማኅበር ሊቀመንበር ለመሆን ተነሥቷል። ምርጫው ነጋዴዎቹ ከዱባይ ዕቃቸውን ጭነው እንደተመለሱ ነው። ተፎካካሪው ቺፍ ኢሎባ ደግሞ ቀደም ብሎ ባለአልጋና ባለበር የአውሮፕላን መቀመጫ ይዞ ወደ ዱባይ በርሮ ገበያውን በወሬ አጥለቅልቆታል። ከዚያ ወዲህ ኡዶካን የሚያስቀምጠው ጠፋ። ቁጭ ይላል፣ ብድግ ይላል፣ ቀዩን የማዕረግ ቆቡን ያወልቃል፣ መልሶ ይደፋል። በመጨረሻ ቲኬት ሻጯ ማዳም ኢቦንግ ዘንድ ሄደ።

«ቢዝነስ ክላስ ያላቸው ሁለት አየር መንገዶች አሉ» አለችው። «የአንዱ ወንበር አልጋ ይሆናል። በርዎን ዘግተው መተኛት ነው። መግቢያውም ለብቻዎ ነው፤ ማንም አያይዎትም።»

«ማንም ካላየኝ እቤቴ አልተኛም?»

«የሌላው አውሮፕላን አሮጌ ነው። ወንበሩ በደንብ አይዘረጋም፣ መግቢያውም አንድ ብቻ ነው፣ ከፊት። ሕዝቡ በሙሉ እርስዎን እየታከከ ነው ወደ ኋላ የሚያልፈው። ሰው አይወደውም።»

«ነጋዴዎቹስ በየትኛው ነው የሚሄዱት?»

«በአሮጌው። ለሻንጣ ለጋስ ነው።»

«እሱን ስጪኝ። መተላለፊያው ዳር።»

እቤቱ ሲደርስ ኢሎባ «በሰባራ ወንበር ሄደ» ብሎ ሲስቅበት ታየውና ደውሎ አልጋውን አዘዘ። ራቱን ሳይጨርስ ደግሞ ወደ አሮጌው እንድትመልሰው ደወለ።

«ቺፍ፣ ሌላ ጊዜ ከደወሉ ክንፉ ላይ ነው የማስቀምጥዎት» አለችው።

የጉዞው ዕለት ኡዶካ ቆቡን ደፍቶ፣ ዛጎሉን አንገቱ ላይ ደርድሮ ከፊት ተሰየመ። መጀመሪያ የገባው ፍሬን ሻጩ ፓፓ ኦኑኦራ ነው። ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። ባለማዕረግን የሙገሳ ስሙን ሳይጠሩ ማለፍ ስድብ ነው፤ ሁለት ባለማዕረጎች ሲገናኙ ደግሞ የእጃቸውን ጀርባ ሦስት ጊዜ አነካክተው ነው የሚጨባበጡት። በዚያ ገበያ ጥቂት ማርሽ የሸጠ ሁሉ ባለማዕረግ ነው።

«አገር አሻጋሪው ድልድይ!» አለ ኦኑኦራ፣ እጁን ዘርግቶ።

ከኋላው ያለውም ሻንጣውን አስቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ያለውም።

«ጌታዬ፣ ሰልፉ ቆሟል» አለች አስተናጋጇ።

«እኔ ምን ላድርግ ልጄ? እጁን ዘርግቷል።» የተዘረጋ እጅ አለመጨበጥ ድምፅ ማጣት ነው።

ሰልፉ ከበሩ አልፎ ሙቀቱ ውስጥ ተዘረጋ። ከውጭ አንዱ «ፊት ያሉት ለቅሶ ተቀምጠዋል እንዴ?» ሲል ተሰማ።

«ኡዶካን ሰላም እያሉ ነው።»

«እኛ በላብ አለቅን እኮ። ኢሎባ ቢሆን በሩን ዘግቶ ይተኛልን ነበር።»

ኡዶካ ይህን ሰማ። ሊሰበስባቸው የመጣላቸው ድምፆች በዚያ በር እየወጡበት ነው። ብድግ አለ።

«እናንተ ግቡ። እኔ ራሴ ከኋላ መጥቼ ሰላም እላችኋለሁ።»

ሰልፉ እንደ ጎርፍ ገባ። እሱም ተከትሎ ወንበር ለወንበር እጅ ሲያነካካ አውሮፕላኑ መንቀሳቀስ ጀመረ። አስተናጋጇ ትከሻውን ይዛ ባገኘችው ክፍት ቦታ ላይ ጫነችው፤ መሀል ወንበር፣ በኦኑኦራና በአንድ ወፍራም የማርሽ ነጋዴ መካከል።

ቀበቶ መፍታት ሲፈቀድ ተነሣ።

«ወደ ፊት ሊመለሱ ነው?» አለ ኦኑኦራ። ረድፉ በሙሉ ዞሮ አየው።

«ማን አለ? እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።» ተመልሶ ተቀመጠ።

እንዲያ ሆኖ ሰሃራን አቋረጠ። ጉልበቱ አገጩን ይነካል፣ ማርሽ ነጋዴው ትከሻው ላይ ያንኮራፋል፣ ከፊት ደግሞ ወንበሩ ባዶውን ይበራል። ልቡ እዚያ ነው፣ ቂጡ እዚህ።

ዱባይ ሊደርሱ ሲሉ ኦኑኦራ ጠጋ አለው። «ቺፍ፣ ድምፄ የእርስዎ ነው። ክርንዎን ግን ሰብሰብ ያድርጉልኝ።»

ምርጫውን ኡዶካ አሸነፈ።

አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ። ወንበሩ የመሀል ሳይሆን የመስኮት ነበር። ግን ደመና እያየ ለሄደ ሰው ማን ያዝናል?